በሐሚድ ካሴት ላይ ያለው ፊርማዬ

ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሲሸኙኝ የምስክር ወረቀትና አንድ ጋቢ ሰጡኝ። አንድ ወጣት ኃላፊም ተነስቶ «የወይዘሮ ሰዓዳ ጆሮ ለክልሉ ሕዝብ የሠራ ጆሮ ነው» አለ። ተጨበጨበ። እኔ ግን ሰው ሲያመሰግነኝ መጀመሪያ የማስበው ምን ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ነው። እውነትም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ልጅ ደውሎ የድሮ ካሴቶች ያሉበትን ሣጥን ቁልፍ የት እንዳደረግሁት ጠየቀኝ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን እሱ አይደለም። የልጄ የነጃት ስልክ ነው።

ነጃት ልብስ ስታጥብም ሽንኩርት ስትከትፍም ፖድካስት የምትለውን ነገር ከፍታ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ስለ ስኳር በሽታ ሲናገር ሰማሁ። ድምፁ ያምራል፤ አይቸኩልም፤ ይስቃል። ሐኪሞች ከመድኃኒት ሻጭ ጋር ተማምለው እውነቱን ደብቀውናል፤ ክኒኑን ጥላችሁ እኔ የምልካችሁን ቅጠል ቀቅላችሁ ጠጡ ይላል። እኔ ስኳር አለብኝ። ክኒኔ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይህን ማነው ያሳለፈው?» አልኳት።

«ማንም አያሳልፍም እማ። ራሱ ቀድቶ ራሱ ይጭነዋል።»

«የሚጫንበት ቤት ባለቤት የለውም?»

«አለው። ትልቅ ኩባንያ ነው።»

«እንግዲያው ጻፊለት።»

ሳቀች፤ ግን ጻፈችልኝ። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ነጃት እየተረጎመች አነበበችልኝ። ኩባንያው መድረክ ብቻ ነው፤ ተናጋሪዎች ለሚሰጡት አስተያየት ኃላፊነት አይወስድም ይላል። ደግማ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ቃሉ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። ይህንኑ ነገር ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን፣ አሶሳ ውስጥ በቆርቆሮ ክዳን ቤት ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼም ፈርሜያለሁ።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተነስተው አሶሳ አጠገብ የሰፈሩ ናቸው። እኔ ልጅ ነበርኩ። ውኃ የምንቀዳው ከበርታ ልጆች ጋር ስለነበር ቋንቋቸውን ከጨዋታ ጋር ለመድኩት። አዲሱ ክልል ሲቋቋም መሥሪያ ቤቶች ከየጎጆው ሰው ይፈልጉ ነበር፤ አማርኛ የሚጽፍና በርታኛ የሚሰማ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። በማስታወቂያ ቢሮ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ወንበሩም አንድ እግር ይጎድለው ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ ወደ ካሴት ማባዣ ክፍል ተዛወርኩ።

የዚያን ጊዜ የራሳችን የሬዲዮ ጣቢያ አልነበረንም። የነበረን ሁለት የማባዣ ማሽን፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚነሳ ጄኔሬተርና ጣሪያዋ ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ የተጫነባት አንዲት ላንድሮቨር ነው። ንግግሩን፣ ዜናውን፣ የጤና ምክሩን በካሴት እናባዛለን፤ መኪናዋ በየገበያው ቀን እየዞረች ታሰማለች። ባምባሲ፣ ሆሞሻ፣ መንጌ፣ ኩርሙክ። ለብዙ ሰው መንግሥት ማለት ያቺ መኪና ነበረች።

ክፍሉን የሚመሩት ኡስታዝ ኢድሪስ ነበሩ። የበርታ ሰው ናቸው። ወጣትነታቸውን ሱዳን ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግኑ አሳልፈው፣ ኋላ ተመልሰው ልጆች አስተምረዋል። አማርኛን የለመዱት ጎልማሳ ሆነው ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። እኔን እስኪሞቱ ድረስ «አንተ ሰዓዳ» ሲሉኝ ኖሩ።

ማዳመጥን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ካሴት ከማስገባታቸው በፊት ጆሯቸውን በመሐረብ ጫፍ ይጠርጋሉ። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ ያደርጉና ሌላውን ክፍት ይተዉታል።

«በአንዱ ካሴት ስማ፣ በአንዱ ቤት ስማ» ይሉኝ ነበር። «ካሴት ሲዋሽ፣ አጠገብህ ያለው ሰው ትንፋሹ ይቀየራል።»

በመጀመሪያው ማዳመጥ እርሳስ አያስነኩኝም። በሁለተኛው እጽፋለሁ። በሦስተኛው ጣቴን ማቆሚያው ላይ አድርጌ እየቆረጥኩ እሰማለሁ። በእያንዳንዱ ከበድ ያለ ዓረፍተ ነገር ላይ ያስቆሙኝና ሦስት ነገር ይጠይቁኛል፤ ማን አየ? ማን ነገረው? ማን ይጠቀማል? ሦስተኛውን ስመልስ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው መዝገቡ የሚወጣው። በመዝገቡ ላይ «ሰምቻለሁ» የሚል ዓምድ አለ፤ ከፊቱ የሁለት ሰው ፊርማ። አንድ ፊርማ ብቻ ያለበት ካሴት አይባዛም።

አንድ ጊዜ ከቶንጎ የሽማግሌዎች ቃለ ምልልስ የተቀዳበት ካሴት መጣ። ሽማግሌዎቹ ስለ አዲሱ አስተዳደር ደስታቸውን ይገልጻሉ። እኔ ልፈርም ብዕር አነሳሁ። ኡስታዝ እጄን ያዙኝ።

«ከኋላ ምን ይሰማል?»

ደግሜ ሰማሁ። «የሞተር ድምፅ።»

«የማን ሞተር?»

ለሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ለየሁት። የእኛው ጄኔሬተር ነው፤ በየመሃሉ እንደሚያስለው ሰው ትክ የሚል ጉድለት ነበረበት። ቃለ ምልልሱ የተቀዳው ቶንጎ ሳይሆን ከእኛው ግቢ ጀርባ ነበር። ካሴቱን ያመጣው ባልደረባችን መንገዱ ከብዶት አሶሳ ያገኛቸውን ሰዎች እንዳናገረ አመነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲናገር ከኋላው ያለውን ሳልሰማ አላምንም። ባሌ ይህ ጠባዬ ቤታችን ውስጥም እንደገባ ብዙ ጊዜ ነግሮኛል።

ሐሚድ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ኩርሙክ እየተመላለሰ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ የሚነግድ ሰው ነበር። ወሬ አዋቂ ነው። በርታኛና አማርኛ እየቀላቀለ፣ አረብኛ ጣል እያደረገ ሲያወራ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። የቢሮው ኃላፊ አቶ ፈለቀ አንድ ቀን ገበያ ላይ ሰምቶት ይዞት መጣ። ፈለቀ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ፣ ቶሎ ማደግ የሚፈልግ ሰው ነበር።

«የእኛን ካሴት ሰው ቆሞ አይሰማም» አለን። «የጤናውን፣ የእርሻውን ምክር ከሐሚድ ወግ ጋር እናስገባው።»

ኡስታዝ አልወደዱትም፤ ግን አልከለከሉም። ሐሚድም እውነት ለመናገር ጥሩ ነበር። ሰዉ መኪናዋን ከሩቅ ሲያይ መሮጥ ጀመረ። ሴቶች «የሐሚድ መኪና» ይሏት ነበር፤ አብሬያት ስዞር እኔንም «የሐሚድ መኪና ሴትዮ»። ማንጎ በነፃ ይሰጡኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ራሴንም ስለምጠረጥር ነው። ያ ማንጎ ጣፍጦኛል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኡስታዝ ወንድማቸው ሞቶ ወደ ትውልድ መንደራቸው ሄዱ። በዚያው ሳምንት የሐሚድ አዲስ ካሴት መጣ። ለብቻዬ አስገባሁት።

መጀመሪያው ሳቅ ነው። መሃል ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በመንጌ መንገድ ማንጎው ሥር ያለችውን ረጅሟን የክሊኒክ ሴት ታውቋታላችሁ አይደል? ለእርጉዝ ሴቶች የምትወጋው መርፌ ማህፀን ያደርቃል፤ ሁለተኛ እንዳይወልዱ ነው፤ ከላይ ታዝዛ ነው አለ። ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ በዚያ መንገድ ማንጎ ሥር ያለ ክሊኒክ አንድ ነው፤ ያለችውም አንዲት ጤና ረዳት ናት። ሐዋ ትባላለች። የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ተምራ የተመለሰች።

አቆምኩት። ማን አየ? ማንም። ማን ነገረው? አይልም። ማን ይጠቀማል? ይህን መመለስ እችል ነበር። ባለፈው ገበያ የሐሚድን ሸቀጥ አይቼ ነበር። ከጨርቁ ጎን ከድንበር ማዶ የመጣ ክኒን ዘርግቶ፣ ለእርጉዝ ሴት ብርታት ይሰጣል እያለ ይሸጣል። ሐዋ ደግሞ በነፃ ነው የምትሰጠው።

ካሴቱን ይዤ ወደ አቶ ፈለቀ ሄድኩ።

«ይህ ይውጣ» አልኩት።

አዳመጠ። ፈገግ አለ። «ስም ጠርቷል?»

«አልጠራም። ግን ሁሉም ያውቃታል።»

«ሰዓዳ፣ የተናገረው ሐሚድ ነው። የሚጠየቅ ካለ እሱ ይጠየቃል። እኛ የምናባዛው ብቻ ነን። ፖስታ ቤት ደብዳቤ እያነበበ ነው የሚያድለው?»

«ኡስታዝ ቢኖሩ አይፈርሙም።»

«የለማ። መዝገቡ ምን ይላል? ‹ሰምቻለሁ› ነው የሚለው፤ ‹አምኛለሁ› አይልም። ሰምተሻል፤ ፈርሚ። በሁለተኛው ቦታ እኔ እፈርማለሁ። ካወጣነው ሐሚድ ይቀየማል፤ እሱ ከሄደ ደግሞ ነገ ለማን ነው የምናሰማው?»

ጠረጴዛው ላይ አዲስ ሬዲዮ ነበር። ከሐሚድ ሱቅ እንደመጣ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ፤ ማስረጃ ግን የለኝም። ስለ እሱ ሬዲዮ ብዙ አስቤያለሁ። ስለ እኔ እጅ ግን ማስረጃ አለ። ፈረምኩ። ሲባዛ ያቺ ቦታ ላይ ማስቆም እችል ነበር፤ ጣት ማንሳትና መጫን ብቻ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ወግ ጎደለ ብሎ የሚሞት የለም። አላስቆምኩም። አባዛሁት፤ መኪናዋም ይዛው ሄደች።

ለፖስታ ቤቱ ጥያቄ መልስ የመጣልኝ ከወር በኋላ፣ ምንም በማይጠቅምበት ጊዜ ነው። ፖስታ ቤት የታሸገ ደብዳቤ ለባለቤቱ ያደርሳል። እኛ ግን ደብዳቤውን ከፍተን፣ ገበያ መሃል ቆመን፣ በድምፅ ማጉያ ነበር የምናነበው። ያውም ሰው እንዲሰበሰብልን ብለን።

ወሬው ከመኪናዋ ቀድሞ ሮጠ። ወደ ሐዋ የሚመጡ ሴቶች መጀመሪያ አነሱ፤ ቀጥሎ ጠፉ። የክሊኒኩን ክዳን በድንጋይ መቱት። ከዚያ አንዲት ሴት ምጥ ጠናባት። ቤተሰቦቿ ሐዋን በር ላይ አስቁመው መለሷት፤ ለወላዷም ከሐሚድ የተገዛውን ክኒን ሰጧት። በሁለተኛው ቀን በቃሬዛ ወደ አሶሳ አመጧት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ኡስታዝ ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው ነው የገቡት። ጆሯቸውን ጠረጉ፤ ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ሰሙት። መዝገቡን ከፈቱ፤ ፊርማዬን በጣታቸው ነኩት።

«አንተ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አልገባህም ነበር?»

ገብቶኝ አልነበረም ብል ያምኑኝ ነበር። ቋንቋው ጠልቆብኝ ነው ማለት እችል ነበር። «ገብቶኛል» አልኳቸው።

መዝገቡን ዘጉት። «እንግዲህ ካሴቱ የሄደበት ሁሉ አንተ ትሄዳለህ። በእግሩ እየተከተልክ።»

አቶ ፈለቀ ማስተካከያ እንዲነገር ተስማማ፤ ጽሑፉን ግን ራሱ አዘጋጀ። «በቅርቡ በተላለፈ ዝግጅት በአንዳንድ የጤና ባለሙያዎች ላይ የተሰጠው አስተያየት የመሥሪያ ቤታችን አቋም አለመሆኑን እንገልጻለን» ይላል። እኔ በሁለቱም ቋንቋ አነበብኩት። በመጀመሪያው ገበያ ሰዉ ሮጦ መጣ፤ ሐሚድ እንዳልሆነ ሲያውቅ ተበተነ። በሁለተኛው አንድ ሽማግሌ እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝና «ምን አለች?» ብለው ሾፌራችንን ጠየቁት።

ሦስተኛው ገበያ ላይ ሐዋ ቆማ ነበር። ከሰዉ ሁሉ በአንድ ጭንቅላት ትበልጣለች። ስጨርስ ወደ መኪናዋ ቀረበች። አልጮኸችም።

«ሲሰድቡኝ ስሜ አልተጠራም፤ ሁሉም ሰው ሐዋ ነው አለ» አለችኝ። «አሁንም ስሜ አልተጠራም። አሁን ግን ሐዋ ነው የሚል ማን አለ?»

ኡስታዝ መኪናዋ ውስጥ ነበሩ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ሊያግዙኝ አልፈለጉም፤ በመስኮት ወደ ሌላ ያያሉ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ማይክሮፎኑን ያዝኩ።

በበርታኛ ተናገርኩ። «ይህች ሐዋ ናት» አልኩ። «መርፌዋ ማህፀን አያደርቅም። ሐሚድ ያለው ውሸት ነው። ክኒን እንደሚሸጥ አያችሁት፤ እኔም አይቻለሁ። ያንን ካሴት ያባዛሁት እኔ ሰዓዳ ነኝ። ከእናንተ በፊት ሰምቼዋለሁ። ውሸት እንደሆነ ጠርጥሬ አሳልፌዋለሁ።»

ሰዉ ሐዋን አላየም። እኔን ነበር የሚያየው። አንዲት ሴት «ስንት ከፈሏት አሁን እንዲህ እንድትል?» አለች፤ ጎረቤቷ ሳቀች። ሐሚድ ከሸቀጡ ኋላ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትህትና ሰላም አለኝ። ሐዋ ግን ወደ ክሊኒኳ ሄደች።

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የተሰጠኝን ጽሑፍ ትቼ የራሴን በመናገሬ። ከደመወዜም ተቆረጠ። አቶ ፈለቀ ዓመት ሳይሞላ በእድገት ተዛወረ። ኡስታዝ ሁለተኛ በሐሚድ ካሴት ላይ አልፈርምም ስላሉ ሐሚድ በራሱ ቴፕ እየቀዳ በሱቁ ይሸጥ ጀመር። ገዢ አላጣም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። ሸርቆሌ ስደተኞች መጠለያ የሕፃናት ክትባት ማስታወቂያ ስናሰማ፣ እናቶች የማን ድምፅ እንደሚያምኑ ሳልጠይቅ ካሴት አላስጀመርኩም። ኋላ ሬዲዮ መጣ፤ ካሴቱ በኮምፒውተር ተተካ። ጉባ ላይ ግድቡ ሲሠራ ሠራተኞችን ለማናገር ሄጄ፣ የማሽኑ ጩኸት ውስጥ የሰው ትንፋሽ ለመለየት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ «ሰምቻለሁ» የሚለውን ዓምድ ሰርዤ «ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ ነው የምፈርመው። ወጣቶቹ ይስቁብኝ ነበር።

አሁን ነጃት፣ የዛሬው ነገር ከካሴት ጋር አይወዳደርም፤ በየደቂቃው የሚጫነውን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ከየት ይመጣል ትለኛለች። እውነቷን ይሆናል። ግን እኔ መልሼ እጠይቃታለሁ፤ ያንን የስኳር ሰውዬ አንቺ ፈልገሽ ነው ያገኘሽው? አይደለም ትላለች፤ ራሱ አመጣልኝ። ማን አመጣልሽ? ስልኩ። እንግዲህ የእኛ መኪና እንኳ ሰው ወዳለበት ገበያ ትሄድ ነበር እንጂ ሰው እየመረጠች እቤቱ ድረስ አትከተልም ነበር። ለማን እንደሚያሰማ የሚመርጥ፣ በሰው ብዛት የሚያተርፍ፣ ሲጠየቅ ደግሞ መድረክ ብቻ ነኝ የሚል፤ እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሠርቻለሁ።

ስለ ሐዋ ግን አልጨረስኩም።

ከገበያው ሁለት ሳምንት በኋላ ለብቻዬ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ፤ ምናልባት ግን ሰው እንደተመለሰላት ሰምቼ እንዲቀልለኝ ነበር። ሐዋ በሩን ከፍታ አየችኝ፤ ግቢም አልሂጂም አላለችም። ገብቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የመርፌ መቀቀያውን ታጥባለች፤ ታደርቃለች፤ መልሳ ታጥባለች። እስከ ቀትር ማንም አልመጣም። ክዳኑ ድንጋይ በበሳው በኩል ብርሃን ወለሉ ላይ ይወርድ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይቅርታህን ምን ላድርገው?» አለችኝ፤ እሷም እንደ ኡስታዝ ስትናደድ «አንተ» ይቀናታል። «እኔ ሴቶቹን ነው የምፈልገው።»

ከቀትር በኋላ የጓሮው በር ተንኳኳ። የፊቱ አይደለም። ሐዋ ከፈተች። ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና ቆማለች፤ ከመግባቷ በፊት ውስጡን ቃኘች። እኔን ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ይቺ የመኪናዋ ሴትዮ አይደለችም?» አለች በበርታኛ። «እሷ ካለች አልገባም። ለሰው ትናገራለች።»

ሐዋ ወደ እኔ ዞረች። «ውጪ» አለችኝ።

ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ገባ። የግድግዳው ጭቃ የተሰነጠቀ ነበር፤ ማንጎው ሥር ብቆም የሚባለውን ሁሉ እሰማ ነበር። መንገዱን ተሻግሬ፣ ድምፅ እስከማይደርስበት ድረስ ሄጄ ቆምኩ።